ጋሽ እንምከርበት እና ባለ ስምንት ወንበሩ መኪና

መኪና በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ መኪና የማይገዛ አንድ ደንበኛ አይጠፋም። ይህ ሰው ከገዢዎች ሁሉ አብልጦ ስለ መኪና ያውቃል። ከሻጮቹ ቀድሞ በር ላይ ይደርሳል። የአዲሱን ሞዴል ጉድለት ፋብሪካው ሳይሰማ እሱ ሰምቷል። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ አልጥም ሲለው ደግሞ ይከፍታል። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ጎማው ምን ብሎ እንደሚመልስለት ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። መግለጫ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ከዚያ ሁሉንም እየዞረ ተሰናብቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዚህ የተከበረ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ክቡር ጋሽ እንምከርበት ነበሩ።

ስሙን ያወጡላቸው የመሸጫው ሠራተኞች ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ቢሆንም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን የሚጠራ አልነበረም። ሻጭ የቱንም ያህል አፈ ማር ቢሆን፣ ዋስትናውን ቢተነትን፣ የመሪውን ቆዳ ቢያስዳስስ፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው ባርኔጣቸውን ያስተካክሉና፣ «መልካም ነው። እንግዲህ እንምከርበት» ይላሉ። ይሄዳሉ። በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከተፍ ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ምን ተመከረ?»

«ምክሩ አላለቀም። አንድ ጥያቄ ተነሥቷል።»

የሚፈልጉት ሚኒቫን ነው፤ ያውም ሃይብሪድ፣ ያውም የቤተሰብ። ከዚህ ዝንፍ አይሉም። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሲቱ ሻጭ ከሌላ ከተማ መጥታ ሥራ የጀመረችው ቅዳሜ ቀን ነበር። ነባሩ ሻጭ፣ ጥርሱን ሳያሳይ የሚስቅ ሰው፣ በአገጩ ወደ መግቢያው እያመለከተ፣ «ያውልሽ! ትልቅ ደንበኛ መጡ። ባለ ስምንት ወንበር ነው የሚፈልጉት። ቀኝሽን ተነሥተሻል» አላት። የቀሩት ሠራተኞች አንድ ላይ አቀረቀሩ። እሷ ምን ታውቃለች፤ ሸሚዟን አስተካክላ፣ ፈገግታዋን አሳምራ ተቀበለቻቸው። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቆማ ዋለች።

መጀመሪያ ሜትር ነው ያወጡት። ጋሽ እንምከርበት ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት በረሃ ለበረሃ እየዞሩ መንገድ ሲለኩ ኖረው ሜትሩ ከኪሳቸው አልወጣ ብሏል።

«ከሦስተኛው ረድፍ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ስንት ነው?» አሉ።

«መግለጫው ላይ ተጽፏል ጋሼ።»

«ወረቀት ያሰኘውን ይጽፋል። ጫፉን ያዢልኝ።»

ያዘችላቸው። ለኩ። አልበቃቸውም፣ ደገሙት። «ትልቁ ልጄ እግሩ አያልቅም። እዚህ ከተቀመጠ ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል።»

«ታዲያ ፊት ይቀመጡ።»

«ፊትማ የእህቱ ነው። መኪና ያጥወለውላታል።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ስምንቱንም ወንበር አከፋፈሉ። መሪው የሳቸው፤ ከጎናቸው ሴቷ ልጃቸው፤ መሐል ረድፍ ላይ የሷ ባልና ሁለቱ ልጆች፤ ከኋላ ረጅሙ የበኩር ልጅ፣ ሚስቱና የመጨረሻው ወንድም። ባለ ሰባት ወንበሩ ይሻላል፣ ሰፊ ነው፣ ወንበሩም ለየብቻ ነው ብትላቸው ዞረው አዩዋትና፣ «አንድ ሰው ይተርፋል እኮ። ማንን ልተው?» አሏት። 

ከዚያ ወደ ሞተሩ ተሻገሩ።

«ቤንዚኑና ኤሌክትሪኩ፣ አለቃው የቱ ነው?»

«ይተጋገዛሉ ጋሼ። ቀስ ሲሉ ኤሌክትሪኩ ይሠራል፣ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ያግዘዋል፣ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ባትሪው ይሞላል።»

«እኔ ስቆም እሱ ይጠግባል?»

«እንደሱ ነው።»

ጥቂት አሰቡበት። «ይሄ እንደ ባልና ሚስት ነዋ። አንዱ ሲደክመው አንዱ ከተሸከመ ጥሩ። ሁለቱም ባንድ ቀን ያኮረፉ እንደሆነ ግን መንገድ ላይ መቅረት ነው።» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «መልካም። እንምከርበት።»

ወጥተው ሲሄዱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነባሩ ሻጭ፣ «እንኳን ደኅና መጣሽ! ሁላችንም በሳቸው ነው የተጠመቅነው» አላት። አፈረች፣ ተናደደች፤ ዳግመኛ የኚያን ሰውዬ ሜትር ጫፍ ላትይዝ ለራሷ ማለች።

በሳምንቱ ያዘች። በሚቀጥለውም ያዘች።

ሦስት ቅዳሜ የፈጀው የዕቃ ማስቀመጫው ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ቦታ ሁለት ሻንጣ አይበላም፤ ሻንጣ እንዲገባ ከታጠፈ ደግሞ ሦስት ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። «ሰው ከመጣ ዕቃ አይገባም፣ ዕቃ ከገባ ሰው አይመጣም» እያሉ በመኪናው ዙሪያ ተንጎራደዱ። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ይገጠም ወይስ አይገጠም ሌላ ቅዳሜ ወሰደ። ከዚያ ቀለሙ መጣ። ነጩን ሴቷ ልጃቸው ደገፈች፤ ትልቁ ነጭ ይቆሽሻል አለ፤ የመጨረሻው «የፈለጋችሁትን» ብሎ ድምፁን ነፈገ። ይህ ሁሉ በአንዲት ጠርዟ በተበላ ማስታወሻ ደብተር ላይ፣ የቀያሽ በሆነ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ቀን እየተጻፈበት ሰፍሯል።

ሻጯ ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋለች። ጋሽ እንምከርበት ልኬቱን ሲጨርሱ ለትርኢት የቆመው ሚኒቫን ውስጥ ገብተው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሚንሸራተተውን በር ገርበብ አድርገው ለልጆቻቸው ስልክ ይደውላሉ። ድምፃቸው ይሰማታል። መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይመስላሉ፦ «ሄሎ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ሰላም ነው። ሁሉም ሰላም ነው።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ያ የመኪናው ነገር…» ሲሉ ድምፃቸው ይፈታል። ስለ በሩ ይጀምሩና፣ በሩ የሕፃኗን የልጅ ልጃቸውን ጣት እንዳይቆነጥጥ ይላሉ፤ ከጣቷ ወደ ጉንፋኗ፣ ከጉንፋኗ ወደ አስተማሪዋ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው ይሰማል። ከወንበሩ ሲወርዱ ፊታቸው ፀሐይ የመታው ያህል ቀልቶ ነው። ደብተራቸውን አውጥተው፣ «የሚንሸራተት በር፤ ትደግፋለች» ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ጠዋት የጀመረ ሳያባራ ዋለ። ከሳቸው በቀር ደንበኛ ዝር አላለም። ሁለቱም ባለ ስምንቱ ውስጥ ገብተው፣ እሳቸው መሪው ጋ፣ እሷ ከጎን ተቀምጠው፣ ውኃው በአዳራሹ መስታወት ላይ ሲወርድ ያያሉ።

«ሲጓዙ ማን ይነዳል? እርስዎ ብቻዎን ነዎት?» አለቻቸው።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ።»  ቀጥለው፣ ከመኪናው ጋር የሚያወሩ ይመስል ፊታቸውን ሳያዞሩ እንዲህ አሉ፦ «ስልክ አልችልም ነበር እኔ። በረሃ ነው የኖርኩት፣ ልጆቹን ያሳደገች ሚስቴ ናት። ሲደውሉ እኔ ካነሣሁ ‹ሰላም ነሽ? ሰላም ነኝ። ቆይ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ› ነው። ወሬው ሁሉ እሷ ጋ ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በሷ ሳቅ ነው ደኅንነታቸውን የማውቀው።»

ሻጯ ወደሳቸው ዞር ብላ ተቀመጠች።

«ካረፈች አራት ዓመቷ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ አነሣለሁ። ሰላም ነሽ፣ ሰላም ነኝ። ከዚያስ? የማቀብለው ሰው የለም። ልጄም ዝም፣ እኔም ዝም። ‹በል እንግዲህ አባዬ› ትላለች። ‹በይ እሺ› እላለሁ። ኋላ ኋላ በበዓል ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ዝምታው ሲረዝምብኝ ‹መኪና ልገዛ ነው› አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ አፌ ላይ መጣ። ‹ምን ዓይነት?› አለችኝ። አርባ ደቂቃ አወራን።»

«እና… እውነት ሊገዙ አይደለም?»

ዞረው አዩዋት፤ የተቀየሙ መሰሉ። «ቀያሽ ነኝ እኮ ልጄ። ቀያሽ የሚለካው ገና የሌለውን መንገድ ነው። እገዛለሁ እንጂ፤ ተሰብስበው እናታቸው ወደተቀበረችበት አገር አብረን እንሄዳለን። ሃይብሪዱንስ ለምን ፈለግኩት? የሥራ መኪናችን ሲሄድ እንደ ወፍጮ ነበር። ልጆቹን ይዤ በተጓዝኩ ቁጥር የሚሉት አይሰማኝም ነበር። ይሄ ዝም ይላል። ከኋላ የሚያወራ ሰው ይሰማል።»

የዚያን ቀን ወደ ተከራየችው ክፍል ስትመለስ ሻጯ አንድ ነገር ታወቃት። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነሥታ እስከ ማታ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳትነጋገር ትውላለች፤ አከራይዋ «ደኅና አመሸሽ?» ስትላት የራሷ ድምፅ ያስደነግጣታል። በዚህ ከተማ ሦስት ወር ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ረጅም ወሬ የምታወራው መኪና ከማይገዙ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲቀርብ ዓይኗ ወደ በሩ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ገባት።

ሥራ አስኪያጁ ግን ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቀን መቁጠሪያው ነው። «ወሩ እያለቀ ነው» የሱ ሰላምታ ነበር፤ ወሩ በባተ በሦስተኛውም ቀን ይላታል። ቢሮው ጠራትና፣ «ባለ ስምንቱ አንድ ብቻ ቀርቶናል። አንድ ሆቴል እየጠየቀን ነው። ሰውዬሽ ወይ ይግዙ፣ ወይ ለሌላ ይልቀቁ። አንቺም ብትሆኚ እዚህ የመጣሽው ሜትር ልትይዢ አይደለም» አላት። እውነቱን ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ አንድ መኪና እንኳ አልሸጠችም፤ የሙከራ ጊዜዋም ገና አላለቀም።

በማግሥቱ ስልክ ተደወለላት። ድምፁ የማታውቀው፣ ችኩል ሰው ነው።

«እህቴ፣ አባቴ እናንተ ጋ ይመጣል መሰለኝ። ስለ ሚኒቫን።»

ረጅሙ ልጅ መሆኑ ወዲያው ገባት። ጉልበቱን ከፊቱ በፊት ነው ያወቀችው።

«በእናትሽ፣ ሽጪለትና ገላግዪን። ሰባት ወር ሆነ እኮ! ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ‹የኋላው መስኮት ይከፈታል ወይስ አይከፈትም› ይለኛል። ይከፈታል ስለው እህቴ ጋ ደውሎ ‹ወንድምሽ ይከፈታል ብሏል፣ አንቺስ?› ይላታል። የቱንም ይሁን፣ ዝም ብለሽ አስፈርሚው።»

ደንበኛ የሚያመጣላትን ሰው ሻጭ አመሰግናለሁ ነው የምትለው። እሷ ግን፣ «ወንድሜ፣ ከገዙ በኋላስ?» አለችው።

«ከገዛማ አበቃ።»

«እሱን ነው የምልህ። ከገዙ በኋላ ምን ብለው ይደውሉልህ?»

በስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ፣ የሚዘጋ በር ተሰማት። ሰውዬው ሲናገር ድምፁ ቀዝቅዟል። «አንቺ ሻጭ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ሽጪ።» ዘጋው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ እንምከርበት መጡ። ሜትር አላወጡም። ደብተሯም የለች። የመኪናዎቹን በር ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዋ መጥተው እንደ ሌላው ደንበኛ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ባለ ስምንቷ አለች?»

«አለች ጋሼ።»

«እፈርማለሁ።»

«ነጩ ግን የለም። ያለው ግራጫው ነው።»

«ያለው ይሁን።»

ስንት ቅዳሜ የተሟገቱበት ቀለም በሁለት ቃል አለቀ። ሻጯ እስክርቢቶውን አቀበለቻቸው። «ተመክሮበታል ጋሼ?» አለች፤ እንዳለችው ተጸጸተች።

«ትልቁ ልጄ ሥራ አለበት» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «ስብሰባ ላይ ነው ለካ የምደውልለት። አላወቅሁም ነበር። ቀድሞ ቢነግረኝ…» አልጨረሱትም። በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ፈረሙ።

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ነባሩ ሻጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ የሁለቱንም እጅ ጨበጠ፤ «ወሩ ሳያልቅ!» አለ። ሻጯ ግን ሰው አሳልፋ የሰጠች ያህል አንገቷን ደፋች። እሳቸው መኪናዋን አስነሥተው ያለ አንዳች ድምፅ ከግቢው ወጡ። በኋላው መስታወት በኩል የሰባቱ ባዶ ወንበሮች ራስ መደገፊያ፣ ወደ ፊት የሚያዩ ሰዎች መስሎ፣ እስኪታጠፉ ድረስ ታያት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ይገዛል። «እግዜር ይመስገን፣ እኚያን ሰውዬ ተገላገልናቸው» አለ ነባሩ ሻጭ አንድ ቀን፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ዛሬ አዳራሹ ምነው ጭር አለ?» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ገዢውን ደውሎ መጠየቅ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። ደወለች።

«መኪናዋ እንዴት ናት ጋሼ?»

«ሰላም ናት። እኔም ሰላም ነኝ።»

«የኋላው መስኮትስ?»

«አይከፈትም።»

 ሌላ ጥያቄ ስታስስ፣ «ቆይ…» ሲሉ ሰማቻቸው፤ ስልኩን ከጆሯቸው ያራቁትም መሰላት። ከዚያ ተመልሰው፣ «በይ እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉና ዘጉ።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቁመተ ረጅም ሰው፣ ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ወደ አዳራሹ ገባ። ማንንም ሳያናግር ለትርኢት የቆመው ሌላ ሚኒቫን ውስጥ ገባና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ሊነካ ጣት ሲቀረው ቆመ። ሻጯ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም።» ኮቱን አጣጠፈው። «ድሮ በሳምንት ሦስቴ ይደውል ነበር። ከገዛ ወዲህ አንድ ቀንም አልደወለም። እኔ ስደውል ‹ሰላም ነኝ፣ ሥራህን ሥራ› ብሎ ይዘጋብኛል። እህቴም እንደዚሁ። ዛሬ ሳልነግረው ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ሲያየኝ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ማን ሞተ?›»

ሻጯ ከፊቱ ባለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተነሣ። ጠዋት ጠዋት ያጥባታል አለችኝ ጎረቤቲቱ። እንግዲህ… እዚህ ምን ያወራ ነበር? ልጠይቀው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እኔም የሱ ልጅ ነኝ መሰለኝ፣ መጀመር አልችልም።»

ነገረችው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የእህቱ መጥወልወል፣ የሕፃኗ ጣት፣ ፖርቶመጋላው፣ የእናቱ መቃብር፣ ከኋላ የሚያወራ ሰው መሰማት እንዳለበት። የስልኩንም ነገር ነገረችው፤ የሚያቀብሉት ሰው እንዳጡ።

«እኔስ የት ነኝ?» አላት በመጨረሻ።

«አሁን የተቀመጥክበት።»

«ከኋላ?» ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበትና ኮቱን ፊቱ ላይ አደረገ። ሻጯ ወደ ሌላ መኪና ዞር ብላ የሌለ አቧራ ጠረገች። ሲወርድ አመስግኗት፣ ከአዳራሹ ሳይወጣ እህቱ ጋ ሲደውል ሰማችው።

ወር ከምናምን ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ግራጫዋ ሚኒቫን ለመጀመሪያው ሰርቪስ መጣች። አቧራ ጠጥታ ቀለሟ ጠፍቷል። ወለሏ ላይ የተፈረፈረ ብስኩት፣ ወንበሯ ላይ የሕፃን ጫማ አንድ እግር አለ። ጋሽ እንምከርበት ሲወርዱ ወገባቸውን ይዘው ነበር፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ሜካኒኩ መኪናዋን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ሁለቱ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ሄዳችሁ?» አለቻቸው።

«ሄድን! ስምንት ሆነን ሳይሆን አምስት ሆነን። የመጨረሻው ‹በሚቀጥለው› አለ፤ አማቼ ሥራ ያዘው፤ የትልቁ ሚስት እናቷን ታስታምማለች። አምስትም ቢሆን ግን አይጣል ነው ልጄ! ትልቁ ‹ሞቀኝ› ይላል፣ እሷ ‹በረደኝ› ትላለች። ሕፃኗ አዲሱ ወንበር ላይ አስታወከች። ‹ላስቲኩን ለምን አነሣችሁት?› ብል ሁሉም ባንዴ ጮሁብኝ። እንደዚያ ተሰብስበው ተቆጥተውኝ አያውቁም።» ይህን ሲሉ ሽልማት የተቀበሉ ይመስሉ ነበር።

«ወሬውስ? ከኋላ ይሰማል?»

«የምን ወሬ! ገና ከከተማ ሳንወጣ ተኙ። ሁሉም፣ ተደጋግፈው። እኔ ደግሞ መገንጠያውን አልፌው ሄድኩ።»

«ጠፋብዎት?»

«እኔ ራሴ የቀየስኩት መንገድ እንዴት ይጠፋብኛል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከመገንጠያው በኋላ ኮረኮንች ነው፣ ከታጠፍኩ ይነቃሉ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሄጄ ሠላሳ ተመለስኩ። ሲነቁ ‹ገና ነው እንዴ?› አሉኝ። ‹መንገዱ ረዝሟል› አልኳቸው።»

ሻጯ ሳቀች፤ ሳቋ አዳራሹን ሲሞላው ነባሩ ሻጭ ቀና ብሎ አያት። እሳቸው «መቃብሩ ጋ ስንደርስ…» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። አውጥተው አራቅ አድርገው አዩት።

«ሴቷ ልጄ ናት» አሉ።

ሻጯ ልትነሣላቸው ከአግዳሚው ብድግ አለች። በእጃቸው ተቀመጪ አሏትና ስልኩን አነሡ። «ሄሎ? አዎ፣ ደኅና ነኝ። አይ፣ ምንም አልሆንኩ። ስሚ፣ ኋላ እኔ ልደውልልሽ? ሰው ጋ ነኝ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ «የቱ ጋ ነበርን?» አሏት።

ሻጯ ተመልሳ ተቀመጠች። በመስታወቱ ማዶ ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናዋ ማለቋን በጣቱ አመለከታት። አየችው። ቆይ እንደ ማለት መዳፏን ከጉልበቷ ላይ ትንሽ ከፍ አደረገችና ወደ ሰውዬው ዞረች።

«መቃብሩ ጋ» አለቻቸው። «ገና መድረሳችሁ ነበር።»